የግራዝማች ተሰማ በር

በጥር ወር ፲፱፻፶፪ ዓመተ ምሕረት፣ ከድሬዳዋ እምብዛም በማትርቀው በመልካ ጀብዱ፣ የሟቹ የግራዝማች ተሰማ ቤት ታድሶ ለሽያጭ ቀረበ። ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፤ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ፣ ወለሉም ሲሚንቶ ነው፤ ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የባቡር ጣቢያ በር የሚያህለው በሩ ነበር።

የቀድሞው በር ከጎልማሳ ደረት አይበልጥም ነበር። ግራዝማች ተሰማ ለጠላት ሲያስተረጉም የኖረ ሰው ነው፤ ጠላት ሲወጣ ግን ማን እንደመሰከረለት ሳይታወቅ ማዕረግና ዳኝነት አገኘ። ያን ጊዜ ግንበኛውን ቡልቻን ጠርቶ፣ "በሩን ዝቅ አድርገህ ሥራው፤ የሚገባ ሁሉ እጅ ነስቶ ይግባ" አለው። ቡልቻ አምስቱን የወረራ ዓመት በዱር በገደሉ ሲዋጋ ቆስሎ የተረፈ አርበኛ ነበር፤ "የአርበኝነትህን ምስክር ወረቀት እጽፍልሃለሁ" ስለተባለ በሩን በገዛ እጁ ሠራው።

ከዚያ ወዲያ ያን ወረቀት ፍለጋ ዓመት ከዓመት በዚያ በር አጎንብሶ ገባ። ግራዝማች ከበሩ ፊት ለፊት መደብ ላይ ተቀምጦ፣ በበትሩ ወለሉን ሦስት ጊዜ እስኪመታ ድረስ ቀና የሚል አልነበረም፤ ወረቀቱም ሳይጻፍ ግራዝማች ሞተ።

ልጁ አቶ ክፍሉ፣ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የምድር ባቡር ጸሐፊ፣ ቤቱን ለመሸጥ ሲያድስ የጠራው ያንኑ ግንበኛ ነው። ቡልቻም መደቡን አፈረሰ፤ በሩን ከፍ አደረገ፤ አሳቡ አንድ ነበረ፤ ቤቱ ወደ ሌላ እጅ ሳይገባ አንዲት ቀን ቀና ብሎ ሊገባበት።

ገዢው፣ የድሬዳዋው ነጋዴ ሐጂ ዑመር፣ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ያን አሮጌ በር በሕይወቱ አይቶት አያውቅም፤ ደፉ ላይ ሲደርስ ግን ኮፍያውን ይዞ አጎነበሰ፤ ገብቶም ቀና አላለም።

"አቦ አቶ ክፍሉ፣ ቤቱስ ጥሩ ነው፤ በሩ ግን አጠረ።"

"አጠረ? ሐጂ፣ በግመል ይገቡበታል እኮ!" ክፍሉ እየሳቀ ተከተለው፤ ደፉን ሲሻገር ወገቡ ታጠፈ፤ ሳቁም ተቋረጠ። "ቡልቻ! የሠራኸው አንተ ነህ፤ ቀና ብለህ ግባና አሳያቸው!"

"እኔስ የጠበቅሁት ይህንኑ አይደል፣ ጌታዬ?"

ቡልቻ አንገቱን አቅንቶ ተራመደ፤ ደፉ ላይ ወገቡ እንደ ቀድሞው ታጠፈ።

"አንተም? ወላሂ፣ ማንን ነው እጅ የምንነሳው?" አለ ሐጂ።

ቡልቻ ወደ ውጭ ተመለሰ፤ ዞረ፤ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ወደ ኋላው ተራመደ፤ ቀጥ እንዳለም ገባ።

ያን ጊዜ መደቡ ከነበረበት ባዶ ጥግ ሲሚንቶው ሦስት ጊዜ ተመታ። ክፍሉ ቀና አለ። ስለ በትሩ ማንም ያልነገረው ሐጂ ዑመርም ቀና አለ። ቀና በል የሚባል የታጠፈ ወገብ ያልነበረው ቡልቻ ብቻ ነበር።

"ይህ ቤት ገና ባለቤት አለው፤ እኔ የሰው ቤት አልገዛም" አለ ሐጂ፤ ጀርባውንም ለጥጉ ሳይሰጥ ወደ ኋላው እየሄደ ወጣ።

ቤቱ ሳይሸጥ ቀርቶ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ተሸካሚዎች ከጆንያ ሥር አጎንብሰው ስለሚገቡ ነገሩን ያስተዋለ አልነበረም። የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ "የግራዝማች ተሰማ ቤት፤ በሩ ሁለት ሜትር ተኩል" ብሎ ያልፋል። አንድ ሰው በዚያ በር ቀና ብሎ መግባቱን የጻፈ የለም፤ ቡልቻም ከዚያ ቀን ወዲህ ከማንም ወረቀት አልለመነም።