ከጎበጠው ፒራሚድ ጀርባ

«መኮንንን ከጎበጠው ፒራሚድ ጀርባ፣ ከትንንሾቹ መቃብሮች አጠገብ... በዚህ እጄ ነው አፈር ያለበስኩት።»

«ለእናቱስ ነገርክ?»

«በምን አፌ።»

ውድነህ ይህን የሰማው ድሮ፣ ዴንቨር ኤርፖርት፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ ነው። በሱዳን አድርጎ ግብፅ ገብቶ የጠፋው ወንድሙ ስም ሲጠራ ዘወር አለ፤ የተናጋሪው መኪና ግን ተንቀሳቅሶ ነበር። ተናጋሪውን ሐሚድን አፈላልጎ ቤቱ ሲደርስ የራሱ የሐሚድ ለቅሶ ላይ ደረሰ።

ዴንቨር አጠገብ አውሮራ የሚኖሩት እናቱ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ «መቃብሩ ሳይታይ ተዝካር አላወጣም» ብለዋል። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ውድነህ የሐሚድን የወንድም ልጅ ጠልሀን ይዞ የጎበጠው ፒራሚድ ያለበት የግብፅ ዳህሹር በረሃ የገባው።

የአሸዋ ነፋስ ከምዕራብ ተነስቶ ፒራሚዱን ዋጠው። በደረታቸው ተኝተው፣ ሻርፓቸውን ነክሰው አሳለፉት። አየሩ ሲገለጥ በፈረሱት መቃብሮች የሚያድሩ ውሾች ከበቧቸው። ጠልሀ ድንጋይ ወረወረ፤ ውድነህ ትልቁን ውሻ በቦርሳው አጣደፈው፤ ውሾቹ ሸሹ።

ከዚያ ውድነህ መቃብር የሚመስለውን የድንጋይ ክምር ሁሉ ፈተሸ። ክርስቲያን በትንሣኤ ቀን ሲነሳ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነውና፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ የሆነውን ፈለገ። አጣ።

ከአንዱ ጉድጓድ አካፋ የያዙ ሰዎች ብቅ አሉ። አንዱ ጠመንጃ ደግኖ በዓረብኛ ጮኸ።

«ምን ይላል?»

«ወርቃችንን ልትሻሙ መጣችሁ ነው የሚለው።»

«ወንድሜን ነው የምፈልገው በለው።»

ጠልሀ በዓረብኛ ነገረው። ሰውዬው ውድነህን ትኩር ብሎ አየና አፈሙዙን ዝቅ አደረገ።

«አጥንቱን ውሰዱ፣ ወርቁን ተዉልን ይላል» አለ ጠልሀ። ሰዎቹ ሲርቁ አቧራውን ከፊቱ ጠረገ። «ጋሼ፣ የቀበረው የኔ አጎት አይደል? በየት በኩል የሚያዞረው ይመስልሃል?»

ውድነህ ወደ ክምሮቹ ተመለሰ።

ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ የዞረችው ክምር፣ በሩ ከተሰበረ መቃብር አጠገብ ነበረች። የራስጌውን ድንጋይ ሲያነሱት ከሥሩ ጥቁር ማተብ ከትንሽ የእንጨት መስቀል ጋር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ውድነህ ተንበርክኮ አባታችን ሆይ ጀመረ፤ መጨረስ አልቻለም። ጠልሀ መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ።

በቫይበር አውሮራ እናቱ ጋ ደወለና መቃብሩን አሳያቸው።

«እማዬ፣ በሙስሊም ደንብ ነው ያስተኛው። ላዙረው?»

«ዘመድ በሌለበት አገር ዘመድ ሆኖ ነው ያስተኛው። አትንካው።»

«ተዝካሩስ?»



«ይውጣ» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። «ለቄሱ እኔ እነግራቸዋለሁ። የሐሚድን ቤተሰብም ራሴ ሄጄ እጠራለሁ፤ የነሱን በግ ጠልሀ ይረድልኝ።»