ስክሪኑ ዜሮ ነው ይላል

ሬሳው ከሦስተኛው ማቀዝቀዣ ክፍል ተጎትቶ ኮሪደሩ ላይ ተጋድሟል። መርማሪዋ ገና ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ አፍንጫዋን ያዘች። የሸተታት ሟቹ አልነበረም፤ ሰውዬው ከሞተ ጥቂት ሰዓት ቢሆነው ነው። የሸተታት ከበሩ ወዲያ በመንጠቆ የተንጠለጠለው ሥጋ ነው፤ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ፣ ወለሉን ያጨቀየ፣ የሰው ሆድ የሚገለብጥ ሥጋ። በሩ ራስ ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን ግን በአረንጓዴ ፊደል «ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት፤ ጋዝ ዜሮ፤ ሁሉ ደኅና» ትላለች።

«ይቺ ነገር ታሾፋለች?» አለች።

የእሳት አደጋው አዛዥ ራሱን ነቀነቀ። «ከማቀዝቀዣው ቧንቧ ጋዝ ፈስሷል። ሽታ የለውም፤ አየሩን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። አንድ ሁለቴ ተንፍሶ ነው የወደቀው። ክፍሉን እስክናናፍሰው ያለ ጭምብል ማንም አይግባ።»

ሟቹ የሥጋ መጋዘኑ የጥገና ሠራተኛ ነበር። በእጁ ያልነካውን ስለማያምን ባልደረቦቹ «ጠርጥር» ይሉታል። እንዲህ ያለ ሰው ጋዝ የሞላበት ክፍል ያለ ጭምብል ገባ መባሉ ለመርማሪዋ አልዋጥ አላት። ከበሩ አጠገብ «የአየር ጭምብል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ያለው መስቀያ ባዶ ነው።

ሥራ አስኪያጁ መሀረቡን አፍንጫው ላይ እንደለጠፈ ነበር ያናገራት።

«ነገሩ ግልጽ ነው እኮ። ቁልፉ በእቃ ያዥዋ እጅ ነው፤ ጭምብሉን መጠበቅም የእሷ ሥራ ነው። ያለ ጭምብል ሰደደችው። እህቱ መሆኗ ሐዘኑን ያከብደዋል እንጂ ጥፋቷን አይሰርዘውም። ይልቅ ክፍሉን መቼ ነው የምትለቁልን? ደንበኛ ይጠብቃል።»

«ምን ሊረከብ?»

«ሥጋውን ነዋ! ከላይ ከላዩ ተገፎ በኮምጣጤ ከታጠበ ምን ይላል?»

ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ሬሳ እንዲህ አጸይፏት አያውቅም።

እቃ ያዥዋ በሁለት ፖሊሶች መሀል ተቀምጣለች። የእጅ ሰንሰለቱ ሻርፗን ይዞባት እንባዋን መጥረግ እንኳ አልቻለችም። መርማሪዋ ፍቱላት ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሽታው ከጀመረ ሰነባብቷል» አለች እቃ ያዥዋ። «እኛ ስንናገር ሊቁ የምንለው የኮምፒውተሩ ሰው ‹ስክሪኑ ልክ ነው፤ የሚሸተው የቆሻሻ ፍሳሽ ይሆናል› ይለናል። ዛሬ ወንድሜ ‹ገብቼ በእጄ ነክቼ አየዋለሁ፣ ከዚያ ለጤና ቁጥጥር እነግራለሁ› አለ። ጭምብሉን ብንፈልገው የለም። ለሊቁ ደወለ።»

«ሊቁስ ምን አለው?»

«ድምፁን እኔም ሰምቼዋለሁ። ‹ስክሪኑ ዜሮ ነው ይላል፣ ግባ› አለው። ገባ። ወዲያው ሲወድቅ ሰማሁ፤ ዘልዬ ልገባ ስል ራሴ ዞረብኝና በሩ ላይ ወደቅኩ። ስጮህ ቀድሞ የደረሰው ሊቁ ነው። ጭምብል አጥልቆ ገብቶ እሱ ነው ጎትቶ ያወጣልኝ። እግዜር ይስጠው።»

መርማሪዋ የሴትዮዋን እጅ ጨበጥ አድርጋ ተነሳች።

«ሊቁ» የመጋዘኑ ፕሮግራመር ነው። ሠራተኛው ዛሬ «ጀግናው» እያለ ሲያወድሰው ውሏል። እሱም እንደ አፈረ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ በቁጥጥር ክፍሉ ተቀበላት።

«እንደ አላዋቂ ያስረዱኝ» አለችው። «ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?»

ደስ አለው። «መለኪያዎቹ ሁሉ በአንድ ካርድ በኩል ነው ኮምፒውተሩ ዘንድ የሚደርሱት። ካርዱና ኮምፒውተሩ የሚነጋገሩበትን መንገድ ባስ እንለዋለን። መሀል ላይ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የሚቀመጠው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ፣ ከርነሉ ውስጥ ነው። መልእክተኛ በሉት። መንገዱ ላይ የማይመለስ ብልሽት ሲደርስ ድራይቨሩ ‹ተቆርጧል› ብሎ ማሳወቅ አለበት። ስክሪኑ ይቀላል፣ ጡሩምባው ይጮሃል፣ ሁሉ ይቆማል።»

«እና ያላየውን አያወራም።»

«በጭራሽ! እኔ የጻፍኩት ድራይቨር ያላየውን አያወራም።»

«ታዲያ ዛሬ ጡሩምባው ለምን ዝም አለ?»

«ካርዱ ዛሬ ጠዋት ድንገት ስለሞተ፣ ለመናገር እንኳ ጊዜ አልነበረም። በቅርቡ በገዛ እጄ በአዲስ የቀየርኩት ነው። ምን ይደረግ፣ ዕቃ ነው። ዕቃ አይከሰስ ነገር።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። መርማሪዋ አመስግናው ወጣች፤ ከዚያም መታጠቢያ ቤት ገብታ እጇን ደጋግማ ታጠበች።

በማግስቱ ሁሉንም ሦስተኛው ክፍል በር ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ሥራ አስኪያጁን ከነመሀረቡ፣ ሊቁን፣ እቃ ያዥዋንና ፖሊሶቹን። የኮምፒውተሩን ሣጥን አስመጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ከስክሪኗ ጋር እንደተያያዘ ነው።

«አንድ ነገር እንይ» አለችና አብሯት የመጣውን የኮምፒውተር ባለሙያ ጠቀሰችው። ሰውዬው ካርዱን ከሣጥኑ ሆድ ነቅሎ አወጣው።

ሁሉም ቀና አሉ። ጡሩምባ የለም። ስክሪኗ እንደ ትናንቱ «ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት፤ ጋዝ ዜሮ፤ ሁሉ ደኅና» ትላለች።

«መልእክተኛው መንገዱ ተቆርጦ እንኳ ወሬ ያመጣል» አለች መርማሪዋ። «ድራይቨሩ ስህተቱን ውጦ መጨረሻ የሰማውን ቁጥር እንዲደግም ተደርጓል። ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ካርዱን እዩት፤ አቧራ ለብሶ ብሎኑ ዝጓል። በቅርቡ የተቀየረ ይመስላል? ሦስተኛ፣ ሥጋ በአንድ ጀምበር እንዲህ አይበሰብስም። ካርዱ የሞተው ትናንት ሳይሆን ሽታው ከመጀመሩ በፊት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሊቁ ዞረ። «ጡሩምባው ሲያስቸግረን ካርዱን ቀየርኩት አላልከኝም?»

«እርስዎስ ምን ብለውት ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«ያ ጡሩምባ ሁለተኛ ከጮኸ ሌላ ሥራ ፈልግ ነዋ ያልኩት።»

«ደግ! ካርዱን ማዳን ሲያቅተው የጡሩምባውን አፍ ዘጋ። እርስዎም ዝም ካለ ዳነ ብለው አፍንጫዎን ይዘው ተቀመጡ። ለእርስዎና ለኮምጣጤዎ ሌላ ችሎት አለ፤ እንገናኛለን።» ወደ ሊቁ ዞረች። «እርስዎ ግን ድራይቨሩ እንደሚዋሽ ያውቁ ነበር።»

«አላውቅም!» ፊቱ በላብ ወዛ። «ስህተት ሊሆን ይችላል፣ ፕሮግራም ነው… ሰውዬውን ላድን የገባሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ጭምብል አጥልቀው ነው የገቡት። ስክሪኑ ዜሮ ነው ይላል ያሉት ራስዎ ነዎት፤ ዜሮ ከሆነ ጭምብሉ ለምን አስፈለገ? እህትየዋ ራሷ የዞረባት በሩ ላይ ስትደርስ ነው፤ እርስዎ ግን ገና ከቢሮዎ አጥልቀው ነው የመጡት። ከዚህ መስቀያ ወስደው ቢሮዎ ያኖሩትም እርስዎ ነዎት። ሽታው ሲጀምር ሹልክ ብለው ገብተው አይተዋል። አይተው ዝም አሉ።»

«ውሸት ነው።»

መርማሪዋ የበሩን መዝጊያ ሳበችው። ሽታው እንደ ጥፊ ፊታቸው ላይ አረፈ።

«እንግዲያው ግባ» አለችው፤ አክብሮቱ ከአፏ ወድቋል። «ስክሪኑ ዜሮ ነው ይላል። ግባ!»

የሊቁ አንድ እግር ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ እጁ ብቻዋን፣ እሱ ሳያዛት፣ ባዶውን መስቀያ ዳበሰች።

ሁሉም ያቺን እጅ አዩ።

«ልገድለው አልፈለግሁም» አለ በመጨረሻ። «ሲደውልልኝ… ስክሪኑ ይዋሻል ልበለው? አስተካከልኩት ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። በሩን ከፈት አድርጎ ይመለሳል ብዬ ነው።»

«‹አትግባ› የምትል አንዲት ቃል ነበረች» አለች መርማሪዋ። «እሷን ለማለት አፍረህ ሰው ገደልክ። ክፍሉን ሌሊቱን ሲያናፍሱት አድረዋል። ዛሬስ ዜሮው እውነት ነበር።»

ፖሊሶቹ ያንኑ ሰንሰለት በሊቁ እጅ ላይ አደረጉት። ሲወስዱት ሥራ አስኪያጁ እንዳይነካው ወደ ግድግዳው ተጠጋ። መርማሪዋ ምራቋን እንትፍ አለች፤ ለየትኛቸው እንደሆነ ራሷም አልለየችውም።

እቃ ያዥዋ በሩ ላይ ቆማ ስክሪኗን ስታይ ቆየች።

«ሰው አያምንም ብለው ሲስቁበት ኖሩ» አለች። «በዕድሜው አንድ ቀን አመነ።»

ከዚያ የስክሪኗን ሽቦ በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው።