ሰላምታ የበዛበት መንገድ

«"ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?"» ብላ አነበበች ኛይየን።

«ቤታችን ደረጃ አለው እንዴ?» አለ አባቷ ዳክ። «"የለም" ላይ አድርጊና እንሂድ።»

ዳክ አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም፤ የቤቱ ጸሐፊ የስምንተኛ ክፍሏ ልጁ ናት። የምታነበውን የጤና ቅጽ የላከው መሃል አገር ያለ ብረት ፋብሪካ ነው። ዳክ እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ምድጃ ላይ ሠርቷል። አምና ሥራ ቀዝቅዞ ሠራተኛ ሲቀንሱ ወደ ጋምቤላ ተመለሰ፤ አሁን ና ብለውታል። ቅጹ አናት ላይ «ሙቀት፣ ጭስና የብረት ብናኝ ልብን ሊጎዱ ስለሚችሉ በእውነት ይሙሉ። "አዎ" ያለ አስቀድሞ ይመረመራል» ይላል።

«"ደረትዎን ያምዎታል?"ስ፣ ባባ?»

«እሱ የፉል ቃር ነው። የለም በይ። እኔ ስመረመር ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

ኛይየን ምንም ሳትሞላ እስክሪብቶውን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ዳክ የሥራ ወረቀቶቹን ቦርሳ አነገተ። ስካን አድርጎ የሚልክላቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አብኔር ነው።

ድሮ ዳክ ለዓመት ፈቃድ ሲመጣ ከባጃጅ ወርደው እስከ ቤት ይሽቀዳደሙ ነበር። የተሸነፈ ቦርሳ ይሸከማል። ሸሚዙ ብረት ብረት ይሸታል፤ በዚያ ረጅም እግሩ አቧራ አልብሷት ያልፍና በሩ ላይ ቆሞ «ኤሊዬ፣ ደረስሽ?» ይላታል። አንድም ቀን አሸንፋው አታውቅም።

«እስከ አብኔር እንሽቀዳደም?» አለችው።

ዓይኑ ሳቀ። ሮጡ።

ሰይዳ ሱቅ ጋ ሲደርሱ ዳክ ቆመ፤ ኛይየን ጥቂት አልፋው ዞረች። «ሰይዳ! ደህና ነሽ? ልጅሽ ፈይሰልስ? ፍየሏስ?»

«የምን ፍየል? ከሸጥናት ስድስት ወር ሆነን እኮ! ትናንትም ጠይቀኸኛል፣ አንተ ሰውዬ!»

ከተመለሰ ወዲህ እንደ ዳክ ያለ ሰላምተኛ ከተማው ውስጥ አይገኝም። በየሃያ እርምጃው የሚጠይቀው ሰው አያጣም። ኛይየን ግን ዛሬ እጁን አየች፤ የሱቁን ቋሚ ጨምድዶ ይዟል።

አብኔር ቤት ቅርብ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ልታሸንፈው ነው። ተመለሰችና ቦርሳውን ከትከሻው አወረደችለት።

«የሚሸከመው... የተሸነፈ... ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

ቅጹን የሰይዳ ባንኮኒ ላይ ዘረጋች። «ባባ፣ "አዎ" ላይ ነው የማደርገው።»

ዳክ ወደ ሰይዳ ዞረ። የሚጠይቃት ፍየል እንኳ አልቀረም።

ኛይየን ምልክቱን አደረገች። «እዚህ ጋ ነው የምትፈርመው» አለችው፣ በእግሯ በርጩማውን ወደ እሱ እየገፋች። «ቁጭ ብለህ።»