ጣሪያ ላይ የሰነበተው ላስቲክ

ሟቹ በምድር ቤቱ ደረጃ አናት ላይ፣ ጣቶቹን በሩ ላይ እንደተከለ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ዙሪያውን በላስቲክ ታሽጓል። ሻጋታ ለማስለቀቅ የተዘጋጀው የአቼቶ ገንዳ ውስጥ አንድ ሰው በረኪና ደፍቶበት፣ ሁለቱ ተዋህደው የሚያፍን ጋዝ ሆነዋል።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ ፖሊሶቹ ሥራቸውን የጨረሱ መስሏቸው ነበር። ሻጋታ ጠራጊው በካቴና ታስሮ ግቢው ውስጥ ቆሟል።

«አንተ ነህ ያገኘኸው?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት ለሥራ ስመጣ በግቢው በኩል ባለችው ጠባብ መስኮት አየሁት። መስኮቷን ሰብሬ አናፈስኩት፤ ግን አልፎ ነበር።»

«በረኪናውስ?»

«የኔ አይደለም። በአቼቶና በሶዳ ብቻ ነው የምሠራው። የሟቹን ልጅ የኬሚካል ሽታ ስለሚጥላት እዚህ ቤት በረኪና ክልክል ነው።»

«በሩ ላይ ያለው ላስቲክስ?»

«እኔ? የመጀመሪያ ቀን አዲስ ላስቲክ ይዤ ብገባ ልጅቷ ሁለት ቀን ተኛች። አክስቷ ከነላስቲኬ አባረሩኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የምሸፍነው በአሮጌ አንሶላ ነው። ካላመኑኝ አራቱን ልጆቼን ማን እንደሚያሳድግ ይንገሩኝ።»

አክስቲቱ የሟቹ ሚስት ታናሽ እህት ናቸው። እህታቸው አምና ከሞተች ወዲህ ልጅቷን የሚያስታምሙት እሳቸው ናቸው። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ላስቲኩን የሰቀለው ጠራጊው ነው» አሉ። «እኔ በእጄም አልነካሁት።»

«ከእህትዎ ባል ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አንድ ቤት ነው የምንኖረው።»

«የጠየቅሁት እሱን አልነበረም።»

«የመለስኩት ግን እሱን ነው።»

ልጅቷ መርማሪዋን ከሩቅ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠቻት። አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ሸፍናለች።

«ይቅርታ፣ የፀጉርሽ ሳሙና ራሴን ይዞኛል። ፖሊስ እንዲህ አበባ አበባ ይሸታል እንዴ?»

«እስካሁን ሌባ አልተማረረብኝም። ዛሬ ጠዋት ምን ሸተተሽ?»

«ምንም። ክፍሌ ከምድር ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው፤ ጎረቤት ልብስ ሲያጥብ የሚያመኝ ሰው ነኝ። ግን ምንም አልሸተተኝም።»

«ላስቲኩም?»

«እሱም።»

«አዲስ ዕቃ እዚህ ቤት እንዴት ነው የሚገባው?»

«ሦስት ቀን ጣሪያ ላይ፣ ገመድ ላይ ይሰቀላል። ሽታው ሲያልቅ አክስቴ ታወርደዋለች። እስከዚያ እኔ ወደ ጣሪያው ዝር አልልም።»

መርማሪዋ ተመልሳ ላስቲኩን መረመረችው። ላይኛው ጠርዝ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ጥርስ ተርታውን ታትሟል። አፍንጫዋን አስጠግታ ሳበች፤ ሽታ የሚባል የለውም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። መስኮቶቹ ተከፍተዋል፤ ጠራጊውም ከነካቴናው ጥግ ላይ ቆሟል።

«ሟቹ ጠዋት ጠዋት ሥራውን ለማየት ይወርዳል» አለች። «ገዳዩ ተከትሎ በረኪናውን ደፋና በሩን ቀረቀረ። ለመግደል ይኼ ይበቃ ነበር። ታዲያ ላስቲኩ ለምን አስፈለገ? ጋዙ ወጥቶ ፊት ለፊት ያለችውን ልጅ እንዳይነካ ነው። ሰው እየገደለ ለእሷ ሳንባ የሚሳሳ ገዳይ ነው ያለን።»

«ጠራጊውም ያዝንላታል» አሉ አክስት።

«ያዝንላት ይሆናል። ግን እሱ ቢሆን ላስቲኩን ከሱቅ ያመጣው ነበር፤ ልጅቷም በላስቲኩ ሽታ ብቻ ትወድቅ ነበር። ይኼኛው ጣሪያ ላይ ሦስት ቀን ሰንብቷል፤ የመቆንጠጫው ጥርስ አለበት። ልጅቷ እዚያ አትወጣም። ሟቹ የራሱን መታፈኛ አላናፈሰም። የሚቀሩት በእጄም አልነካሁት ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

አክስቲቱ አልተደናገጡም።

«ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ እየወጣሁ አሸተትኩት» አሉ በቀስታ። «ሽታው በቀነሰ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። እህቴ ‹ምድር ቤቱ እያፈነኝ ነው› ስትለው ‹ቅብጠት ነው› አላት። ሻጋታውን ሳያስጠርግ ቀለም ቀባበት። ቀለሙ አልጋ ላይ ጣላት፤ ሻጋታው ጨረሳት። እሷን ቀብሮ ቤቱን መሸጥ ሲያምረው ነው ጠራጊ የጠራው። እሷ አራት ዓመት ታፍናለች፤ እሱን ያፈንኩት ለሩብ ሰዓት ነው። ሲያንሰው ነው።»

ልጅቷ ጭምብሏን አወለቀች።

«ለእሱ አላለቅስም፣ አክስቴ። ግን እሱ እናቴን ሲገድል በቀለም ሸፈነው። አንቺ ደግሞ በዚህ ሰው ልትሸፍኚው ነበር።»

አክስቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጠራጊው ዞሩ።

«ልጆችህ... ትንሹ ስንት ዓመቱ ነው?»

ጠራጊው ሁለቱን እጆቹን ወደ መርማሪዋ ዘረጋና «ይፍቱኝ» አለ።