ከእትዬ ፈንታነሽ ደጅ የተቀመሰ ውሃ

ይህ በሰው አፍ የሰማሁት አይደለም። ብስክሌቱን በእጄ ይዤዋለሁ፤ ደብተሩንም በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ማመን አለማመን የእናንተ ነው።

ጥቅምት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ቢቸና...

ቢያድግልኝ ብቻውን በብስክሌት ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ አውሮፓ ሊገባ ተነሳ። ከተማው በጭብጨባ ሸኘው። ተማሪዎች ባዶ የጉዞ ማስታወሻ ደብተር ሰጡት፤ ነጋዴዎች አዲስ ጎማ ገዙለት። እኛ ልንቀበለው የወጣን የሞጣ ሰዎች ደግሞ እዚያው አበባ ይዘን እንጠብቀው ነበር።

ሕዝቡ ያላወቀው ነገር ነበር።

ጉዞው የእሱ አልነበረም። ሐሳቡም፣ ካርታውም፣ ብስክሌቱም የጓደኛው የደምለው ነበሩ። የድጋፍ ደብዳቤው የተጻፈው ለአንድ ሰው ብቻ፣ በደምለው ስም ነበር። ቢያድግልኝን ቅናት አንጀቱን በላው። አንድ ቀን ደምለው ለልምምድ ከመውጣቱ በፊት የፍሬኑን ብሎን በአስር ቁጥር ቁልፍ አላላው...

ደምለው ከደብረ ወርቅ ወዲያ ባለው ቁልቁለት ገደል ገባ።

ቢያድግልኝ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ቀብሩ ላይ ከሁሉም በላይ ያለቀሰ እሱ ነው። የደምለው እናት እትዬ ፈንታነሽ፣ "ጓደኛው አይደለህ? አንተ ውሰደው" ብለው የተጣመመውን ብስክሌት ሲሰጡት ዓይኑን በጨው ታጥቦ ተቀበለ።

በዓመቱ ብስክሌቱን አስጠግኖ፣ ደብዳቤውንም በስሙ አዙሮ ወጣ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደብረ ወርቅን አለፈ። ከቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርስ እትዬ ፈንታነሽ ከደጃቸው ቆመዋል። በእጃቸው ጣሳ ይዘዋል። የደምለው ታላቅ ወንድም ፋንታ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል... ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ።

"ና ውረድ ልጄ። ውሃ ጠጥተህ እለፍ።"

"እቸኩላለሁ እትዬ... ሞጣ እየጠበቁኝ ነው።"

"ከደጄ ሳትቀምስ?"

እኛ አገር ደም ያለበት ሰው ከሟች ቤተሰብ እህል ውሃ አይቀምስም፤ ሽማግሌ ገብቶ እርቅ እስኪወርድ ድረስ። አልጠጣም ማለት ገደልኩ ማለት ነው። ቢያድግልኝ ይህን ያውቃል። ፋንታም ያውቃል፤ ዓይኑን ከጣሳው አልነቀለም።

ጠጣው።

ውሃው ዝገት ዝገት ይላል። ጨልጦ ሲጨርስ ጣሳው ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ...

አስር ቁጥር ቁልፍ።

እትዬ ፈንታነሽ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

"ባትጠጣ ኖሮ ሽማግሌ እንጠራ ነበር" አሉት በሹክሹክታ። "አንጀቴ እያረረም ቢሆን እታረቅህ ነበር። አሁን ግን ጠጣህ... ደም የለብኝም አልክ። በካድከው ደም ማን ያስታርቀናል?"

"እትዬ..."

"ሂድ። የልጄን መንገድ ጨርስለት።"

ቁልቁለቱን ወረደ። ከኋላው የሌላ ብስክሌት ካቴና ሲንኳኳ ይሰማዋል... ዞር ሲል ማንም የለም። የያዘውን ውሃ በሙሉ ጠጣ። ጥሙ ባሰበት። ፔዳሉን ሲመታ፣ ሲመታ ቆየ፤ ፀሐይዋ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ አንድ ዳገት ወጥቶ አፋፉ ላይ ሲደርስ...

እትዬ ፈንታነሽ ከደጃቸው ቆመዋል። ጣሳው ሞልቷል።

"ና ውረድ ልጄ። ውሃ ጠጥተህ እለፍ።"

ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። ከራሱ ደብተር ነው።

ስምንት ሰዓት ይደርሳል የተባለው ሰው አስር ሰዓት ሆኖም ሲቀርብን በሚኒባስ ልንፈልገው ወጣን። ብስክሌቱን ከእትዬ ፈንታነሽ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አገኘነው። ጠዋት አዲስ የነበሩት ጎማዎች ክራቸው እስኪወጣ አልቀዋል። ኮርቻው ላይ ደብተሩ ታስሯል። ገለጥኩት... እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ በእሱ እጅ ጽሑፍ ሞልቷል።

አንደኛ ቀን... አርባኛ ቀን... ሦስት መቶ ስድሳ ሁለተኛ ቀን...

መጀመሪያ ላይ ኑዛዜው አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

"ዛሬም ከእትዬ ፈንታነሽ ደጅ ደረስኩ። ጠምቶኛል።"

እሱ ራሱ የለም።

"እማማ... የት ሄደ?" አልኳቸው።

"ገና ነው" አሉኝ። ከእንስራው ቀድተው ጣሳውን ሞሉና ደጃፉ ላይ ቆሙ።

ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ ነው፤ መሪውን በእጄ ይዤዋለሁ።

ከቁልቁለቱ ስር ግን... የብስክሌት ካቴና እየተንኳኳ፣ ቀስ እያለ፣ ዳገቱን ወደ እኛ ይወጣ ነበር።