የእሜቴ የኋላ ጎማዎች

«ጄማ አብራሽ ናት?» አለ አባቷ በስልክ።

ብሪን የጎማ መፍቻውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ዙሪያዋን አየች። ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ፤ ከግቢው ማዶ ደረቅ ሜዳ፤ ከሜዳው ማዶ ሌላ ደረቅ ሜዳ። ሰው የሚባል የለም።

«አለች» አለች። «ውሃ ልትጠጣ ገባች።»

«ጎሽ። ሰላም በያት። ስሚ የኔ ልጅ፣ ዛሬ አልደርስም። ሌላ ጭነት ሰጡኝ። ምናልባት ረቡዕ።»

«የአያቴ ልደትስ?»

«ገና ሁለት ሳምንት አለው እኮ።»

«ጎማዎቹ ሳይቀየሩ የትም አንሄድም ያልከው አንተ ነህ።»

«ስመጣ አወልቃቸዋለሁ አልኩሽ። ቃሌ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ብሪን ቃሉን ስንተኛ ጊዜ እንደሰጣት መቁጠር ከተወች ቆይታለች።

አባቷ ዌስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከአሥር ቀን ሁለቱን ቤቱ ቢያድር ነው። አያቷ ሮስኮ አብሯት ሳለ ይህ አያስቸግርም ነበር፤ ባለፈው መስከረም ግን እግሩ አልታዘዝ ሲለው፣ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ በባሕር ጠረፍ ወዳለ የአዛውንቶች ማረፊያ ገባ። ግቢው ውስጥ ያስቀረው እሜቴን ብቻ ነው። እሜቴ አልጋ፣ ምድጃና የልብስ ቁም ሳጥን ያላት፣ አባቷ ከመወለዱ ሁለት ዓመት በፊት የተሠራች ቤትም መኪናም ናት። አያቷ ለሰማንያኛ ዓመቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፤ «እሜቴን ይዛችሁልኝ ኑ፤ በሯ ላይ ቁጭ ብዬ ባሕሩን ልይ።»

የፊት ጎማዎቿ ደህና ናቸው። የኋላዎቹ ግን፣ በግራ ሁለት በቀኝ ሁለት፣ እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቀዋል። ጎማ ቤቱ «አውልቃችሁ አምጡልን፣ አዲስ እናለብሳለን» ብሏል። ብሪን ያሰበችው ቀላል ነው። ጎማዎቹ ወልቀው ቢቆዩት አባቷ ምን ሰበብ ይኖረዋል?

ሐሙስ ዕለት ጓደኛዋን ጄማን እንድታግዛት ለምናት ነበር። ጄማ «አታስቢ፣ አለሁልሽ!» ብላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ «አሞኛል ባክሽ፣ ሶሪ» የሚል መልእክት መጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዷ የትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ተጫዋች ከሐይቁ ዳር ፎቶ ለጠፈች። ከኋላ፣ ፎጣ ተከናንባ የምትስቀው ጄማ ናት።

እንዲያውም ጄማ በረዶው ከቀለጠ ወዲህ እነብሪን ቤት ረግጣ አታውቅም። አልተጣሉም። ክፉ ቃል አልተለዋወጡም። እንዲሁ ቀስ እያለች ራቀች። አባቷ ግን ልጁ በየሳምንቱ መጨረሻ ከጄማ ጋር የምታድር፣ የጄማ እናትም ብቅ እያለች የምታያት ይመስለዋል። ብሪን መጀመሪያ የዋሸችው እንዳያስብ ብላ ነው። ሁለተኛውን ያልዋሸች ለመምሰል። ከዚያ በኋላ ውሸቱ ራሱን ችሎ ይሄድ ጀመር።

የግራ ጎማዎቹ ማሰሪያ ብሎኖች፣ ዳዶዎቹ፣ አንዱም ንቅንቅ አላለም። መፍቻው ላይ ቆማ ዘለለችበት፤ ወይ ፍንክች! ክብደቱ ይዟቸው ይሆናል ብላ የመኪና ማንሻውን ክሪክ ጎትታ የኋላ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ዘንግ፣ ከአክስሉ ሥር አስገባችው። ማርሹን ማቆሚያው ላይ አድርጋዋለች። የእጅ ፍሬኑ ድሮ ነው የሞተው። የክሪኩን እጀታ ስትጫን ክሪኩ ከፍ ከፍ አለ። ጎማዎቹ ከመሬት ለቀቁ፤ ብሪን ብቻዋን «አሃ!» አለች። ሦስት እግር ያለውን የብረት መቆሚያ አነሳችና፣ በሆዷ ተኝታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ወደ ሥር ሰደደች።

ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማች።

ምን እንደሆነ ሳታውቅ እጇን መነጨቀች። እሜቴ አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ተንሸራተተች፤ ክሪኩ ጠጠሩ ውስጥ ሰምጦ ተጋደመ፤ ያ ሁሉ ክብደት ዱብ አለ። በእሜቴ ሆድ ውስጥ የሳህን መንኳኳት ተሰማ። ከዚያ ዝም።

ብሪን በጀርባዋ ተንጋላ ሰማዩን አየች። ክንዷ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ተፍቆ ደም አዝሏል። ቆጥቁጧታል፤ ግን ያስፈራት እሱ አይደለም። ያስፈራት ጸጥታው ነው። ማንም «ምንድነው?» ብሎ አልወጣም። በር አልተከፈተም። ያቺ ክንድ እዚያው ቀርታ ቢሆን እስከ ረቡዕ ድረስ እንዲሁ ጸጥ ባለ ነበር።

ስልኳን አውጥታ የጄማን ስም አየችው። መልሳ ከተተችው። ተነስታ ክሪኩን ያዘች። «አንዴ ብቻ ልሞክር» አለች ለራሷ። ከዚያ ክሪኩን ለቀቀችና ወደ አጥሩ ሄደች።

ከአጥሩ ወዲያ ወይዘሮ ሃልቨርሰን ይኖራሉ። አያቷና እሳቸው በአንድ የባሕር ዛፍ የሚያህል ረጅም ዛፍ ምክንያት ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈዋል። ሥሩ የአያቷን የውሃ ቧንቧ ሰበረ፤ እሳቸውም አልቆርጥም አሉ። ብሪን በራቸውን አንኳኩታ አታውቅም።

አሮጊቷ ግማሽ ሳንድዊች በእጃቸው ይዘው ከፈቱ።

«የሮስኮ የልጅ ልጅ አይደለሽ? ዛፌን አልቆርጥም በይው!»

«አያቴ እዚህ የለም ወይዘሮ ሃልቨርሰን። ከመስከረም ጀምሮ አዛውንቶች ማረፊያ ነው።»

ወይዘሮ ሃልቨርሰን ማላመጣቸውን አቆሙ። «ከመስከረም?» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ሲስል እሰማው ነበር። የበረዶውን ወራት ሙሉ ሳሉ ሲጠፋብኝ፣ ተሻለው ማለት ነው ብዬ…» አልጨረሱትም። ዓይናቸው ክንዷ ላይ አረፈ። «ምን ሆነሽ ነው?»

ብሪን ነገረቻቸው። ክሪኩን፣ ጠጠሩን፣ መቆሚያውን። እሳቸው ሳያቋርጡ ሰሙ።

«እዚያ ሥር እንደገባሽ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

አሮጊቷ ሳንድዊቹን የደረጃው ድጋፍ ላይ አስቀመጡ። «በይ ነይ። መጀመሪያ ክንድሽን እንጠበው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳና ስጠግን የኖርኩ ነኝ። ዳሌዬን ኦፕራሲዮን ተደርጌያለሁ፤ ጎንበስ ማለት አልችልም። አንቺ እጅ ትሆኚኛለሽ፤ እኔ አፍ እሆናለሁ። አፍ እንኳ ሞልቶኛል።»

ግቢው ሲደርሱ እሜቴን ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የፊት ጎማዎቹ ማገጃ፣ ታኮው የታለ?»

«ማርሹን ማቆሚያው ላይ አድርጌዋለሁ።»

«ማርሹ የሚይዘው የኋላውን ነው፣ አንቺ ልጅ። የኋላውን ካነሳሽው ምን ይይዛታል? ጸሎት?»

ብሪን ሳታስበው ሳቀች። ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

እሜቴን ራሳቸው አስነስተው፣ ከጋራዡ ፊት ወዳለው ደልዳላ ሲሚንቶ ቀስ አድርገው አወጧት። ከፊት ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ አስደረጉ። ክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ። «አሁን ገና መሬት ላይ እንዳለች ዳዶዎቹን አላሊያቸው። ማውለቅ አይደለም፤ ማላላት።»

«አልፈታም ብለውኛል። ጠዋቱን ሙሉ ታግያለሁ።»

«በየት በኩል ነው የምታዞሪው?»

ብሪን አሳየቻቸው። ወይዘሮ ሃልቨርሰን ጉልበታቸውን ይዘው በሳቅ ፈረሱ።

«ልጄ፣ ስታጠብቂው ነው የዋልሽው! በእንዲህ ያሉ አሮጌ መኪኖች የግራው ጎን በተቃራኒ ነው የሚፈታው። ወደ ቀኝ አዙሪው እስቲ።»

መፍቻውን ወደ ቀኝ ጫነችው። ጢቅ። የመጀመሪያው ለቀቀ። ብሪን ዞር ብላ አየቻቸው፤ እሳቸውም ራሳቸው የፈቱት ይመስል ደረታቸውን ነፉ።

ከዚያ ያለ ችኮላ ሄዱ። ትንሽ ማንሳት፣ ቆም ብሎ ማየት፤ እንደገና ማንሳት። አክስሉ ሲደርስ መቆሚያውን በረጅም እንጨት ገፍታ አስገባችው፤ ክንዷ ከጎማው አላለፈም። ክብደቱን መቆሚያው ላይ አሳረፉ። «ግፊያት» አሉ ወይዘሮ ሃልቨርሰን። ብሪን በሁለት እጇ ገፋች። እሜቴ ንቅንቅ አላለችም። «ጠንከር አድርገሽ! አሁን ካልወደቀች በኋላም አትወድቅም።»

የውጪው ጎማ ከብረት ቸርኬው ጋር ወጣ፤ ከኋላው ደግሞ የውስጡ። ሁለቱን እያንከባለለች ግድግዳው ላይ ስታስደግፍ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

«አባትሽ ብቻሽን እንዲህ ስትታገዪ ምን ይላል?» አሉ አሮጊቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው።

«ከጓደኛዬ ጋር ነኝ ብዬዋለሁ።»

«የታለች?»

ብሪን መፍቻውን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠች። ወይዘሮ ሃልቨርሰን ዳዶዎቹን አንድ በአንድ እየጠረጉ ቆርቆሮ ውስጥ መጣል ያዙ።

ብሪን ወደ ጋራዡ ጥግ ሄዳ ደወለች። አባቷ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ፤ የሞተሩ ድምፅ ከኋላው ይጮኻል።

«አባዬ፣ ጄማ የለችም።»

«ሄደች?»

«አልመጣችም። በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ መጥታ አታውቅም። እናቷም አይታኝ አታውቅም። ብቻዬን ነበርኩ።»

የሞተሩ ድምፅ ቀነሰ። ከዚያ ጠፋ። መንገድ ዳር እንደቆመ ገባት። ስለ ክሪኩም ነገረችው፤ ስለ ክንዷም።

«ያን ሁሉ ጊዜ…» አለ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

ብሪን ወዲያው ተጸጸተች፤ ግን የተናገረችውን አልሳበችም።

«ጭነቱን የሚቀበለኝ ሰው ልፈልግ» አለ። «ካገኘሁ ነገ ከቀትር በኋላ እደርሳለሁ። ቃሌ ነው አልልሽም። እየሞከርኩ እደውልልሻለሁ። አሁን ማን አለ አጠገብሽ?»

«ወይዘሮ ሃልቨርሰን።»

«የዛፏ ሴትዮ?!»

«ሁሉንም ሰምቻለሁ በይው!» ብለው ጮኹ አሮጊቷ ከባልዲያቸው ላይ።

ስልኩን ስትዘጋ ፀሐይዋ ወደ ሜዳው ዘንበል ብላለች። ወይዘሮ ሃልቨርሰን ዳሌያቸውን ይዘው ተነሱ፤ በእሜቴ ዙሪያ አዘገሙና በቀኝ በኩል ያሉትን ሁለት ጎማዎች በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ገና ብርሃን አለ» አሉ። «ይሄኛው ወገን እንደ ሰው ወደ ግራ ነው የሚፈታው። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንጨርሰዋለን።»

ብሪን ቀኝ ጎማዎቹን አየች፤ ከዚያ ባዶውን መንገድ።

«ይሄኛው ለአባዬ ይቆየው» አለች።

«ካልመጣስ?»

ብሪን መፍቻውን ጨርቅ ላይ ጠራርጋ፣ ቀና ብላ አሮጊቷን አየቻቸው።

«ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ በርዎን አንኳኳለሁ።»