ከሰማያዊው በላይ ያለው ነጭ

ባልደረቦቹ «ሽንኩርት» የሚሉት መርማሪ ሲደርስ አሮጊቷ ከደረጃው ግርጌ፣ ግድግዳው ሥር በጎናቸው ወድቀው ነበር። ስሙን ያተረፈው ልጦ ልጦ ሰው ሳያስለቅስ ስለማይተው ነው።

ተንበርክኮ የሟቿን ቀኝ እጅ ገለበጠ። መዳፋቸው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል፤ የጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ደግሞ ከሰማያዊው በላይ ነጭ አለ። ግድግዳው ግን እስከሚታየው ድረስ ነጭ ነው። ነገሩ አላማረውም።

«ዓይናቸው እንዴት ነበር?»

«ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይታያትም» አለ ወንድ ልጃቸው። «ደረጃው ጥቁር እንጨት ነው፤ ነጩን ግድግዳ እያየች ነበር የምትወርደው። እህቴ ጠቆር ያለ ቀለም ካልተቀባ ብላ ስትነዘንዘኝ፣ ‹እማዬ ብትወድቅ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ› ብያታለሁ። ከሥራ ስመለስ እማዬ ወድቃለች፤ ግድግዳው ግን እንደ ድሮው ነው።»

«እርስዎስ?»

«ራሴን አሞኝ ተኝቼ ነበር» አለች ሴት ልጃቸው። «ምንም አልሰማሁም።»

ጠዋት ለሥራ ተጠርቶ የመጣ ቀለም ቀቢ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ከኪሱ የብሎን መፍቻ ብቅ ብሏል።

«መፍቻው ምን ያደርጋል?»

«ለመብራት ማብሪያው ክዳን ነዋ! እሱን ሳልፈታ ብሩሽ አላነሳም።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ መርማሪው ሦስቱንም ደረጃው ሥር ሰበሰባቸው። በቀቢው መፍቻ ግድግዳው ላይ ያለውን የማብሪያውን ክዳን ፈታ። ከሥሩ ጥቁር ሰማያዊ ወጣ።

«እነሆ» አለ። «ዛሬ ጠዋት ይህን ግድግዳ ቀቢው ሰማያዊ ቀብቶታል። አሮጊቷ ሲወርዱ የሚያውቁት ነጭ ጠፋቸው፤ እርጥቡን ቀለም ዳበሱና እግራቸው ሳተ። ከዚያ አንድ ሰው በነጭ ሸፈነው። ነጩ ግን ክዳኑን ጭምር ለቅልቆታል። ክዳን የሚፈታ ቀቢ እንዲህ አይሠራም። ወንድምየው ሥራ ላይ ነበር። ቤት የነበረው ማን ነው?»

ወንድምየው ዞር ብሎ እህቱን አያት።

«ስትለምደው ትወደዋለች ብዬ ነበር!» አለች እንባዋ እየወረደ። «ጠራኋት፣ አልመለሰችልኝም። ሞታለች ብዬ ነው። አንተ ግድግዳውን ካየህ ዕድሜ ልክህን ይቅር አትለኝም ብዬ ፈራሁ።»

ቀቢው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ አጉረመረመ።

መርማሪው እዚህ ላይ ቢያቆም በወደደ። ሐዘን በዝቶበት ነበር።

«ታዲያ እማዬ ጣት ላይ ያለው ነጭስ?» አለ ወንድምየው።

መርማሪው ወደ ወለሉ ጎንበስ አለና አስከሬኑ ሸፍኖት በነበረው የግድግዳው ግርጌ አራት ጭረቶች አሳየው። ነጩ ተፍቆ ሰማያዊው ይታያል።

«ይህ የተነካው ነጩ እርጥብ ሳለ ነው። እሳቸው ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ሐኪም ቢጠራ ኖሮ…»

«ለምን ነካችው?» አለች ልጅቷ በደከመ ድምፅ።

«ነጭ ሆኖ ስለታያቸው። ሊነሡ ፈልገው ይሆናል።»

ወንድምየው ወጥቶ ሄደ። እሷ ተንበርክካ አራት ጣቶቿን በአራቱ ጭረቶች ላይ አሳረፈች። ቀለሙ ደርቋል።